«ለበዓሉ ይደርሳል»፦ የአንድ ቃል ረጅም ታሪክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1999 ነው። የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ብዙ ወላጆች አንድ አዲስ ነገር ሞክረዋል። ለልጆቻቸው የሚሰጡትን መጫወቻ ሱቅ ተሰልፈው ሳይሆን ቤታቸው ቁጭ ብለው በኮምፒውተር አዘዋል። የቀረው ሣጥኑ በር ላይ መድረሱ ብቻ ነበር።

ሣጥኑ ግን ለብዙዎች በጊዜው አልደረሰም። ቶይስ አር አስ የተባለው ስመ ጥር የመጫወቻ ነጋዴ፣ በድረ ገጹ ካዘዙት ደንበኞች ለአንዳንዶቹ ዕቃቸው ለገና ላይደርስ እንደሚችል ያሳወቀው በዓሉ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነበር። ለማካካሻ የመግዣ ኩፖን ሰጠ። ኩፖን ግን ገና ጠዋት ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ልጅ ምን ያደርግለታል? ወላጆች በመጨረሻው ሰዓት ከቤት ወጥተው፣ ሊሸሹት ወደፈለጉት የሱቅ ግፊያ ተመለሱ።

ነገሩ ያለፈበት የንግድ ስህተት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኢንተርኔት የበዓል ስጦታ መግዛት እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ከዚያች ሳምንት የተሻለ መነሻ የለም። ስለ ኦንላይን ግብይት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ስለ ድረ ገጹ፣ ስለ መተግበሪያው፣ ስለ ክፍያው ነው። ታሪኩ ሲገለጥ ግን የነገሩ ሥር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሻጭ ለማያየው ገዢ የሚሰጠው አንድ ቃል አለ፤ «ለበዓሉ ይደርሳል» የሚል።

ስጦታን ከሌላ ዕቃ የሚለየውም ይኸው ቀን ነው። ለራስ የታዘዘ ጫማ በሳምንት ቢዘገይ ያናድድ ይሆናል እንጂ ጫማነቱን አይተውም። የፋሲካ በግ ግን በማግስቱ ቢመጣ ያው ሥጋ ነው፤ የፋሲካ በግ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ የበዓል ነጋዴ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ዕቃው፣ ሁለተኛው ቀኑ። ብዙ ጊዜ የሚያከስረውም ሁለተኛው ነው።

ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ገበያ

ሳያዩ ማዘዝ በኢንተርኔት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ የቺካጎ ነጋዴ በአንዲት ወረቀት ላይ የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ አሳትሞ በገጠር ላሉ ገበሬዎች መላክ ጀመረ። ገበሬው በዚያን ጊዜ የሚገዛው ከሰፈሩ ብቸኛ ባለሱቅ ነበር። ባለሱቁ የጠራውን ዋጋ መክፈል ነበረበት፤ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የዋርድ ወረቀት አማራጭ ይዛለት መጣች።

ገበሬው ግን አንድ ጥያቄ ነበረው፤ አይቶት የማያውቀው ሰው፣ ሄዶበት በማያውቀው ከተማ ተቀምጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ቢልስ? ዋርድ ለዚህ ጥያቄ በ1875 መልስ ሰጠ። ዕቃው ያላስደሰተው ደንበኛ መልሶ ይልካል፤ ገንዘቡም ይመለስለታል። ዛሬ በየሱቁ ተለጥፎ የምናየው «ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚለው ማባበያ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። መተማመን በሌለበት መተማመንን የሚተካ ውል መሆኑ ነው።

ከዋርድ ቀጥሎ ሲርስ መጣ። በ1880ዎቹ መጨረሻ በሰዓት ሽያጭ ተነሥቶ ካታሎጉን እስከ ልብስ ስፌት መኪና፣ አልፎም ተገጣጥሞ እስከሚቆም ሙሉ ቤት ድረስ አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ ለገና ብቻ የተዘጋጀ ካታሎግ አወጣ። የአሜሪካ ልጆች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያንን መጽሐፍ ወለል ላይ ዘርግተው፣ የሚመኙትን መጫወቻ በእርሳስ እየከበቡ አደጉ። ዛሬ ልጆች በስልክ ስክሪን ላይ በጣታቸው የሚያደርጉትን እነዚያ በወረቀት አደረጉት።

ይሁንና ካታሎግ ብቻውን ዕቃ አያደርስም። እስከ 1912 ድረስ የአሜሪካ ፖስታ ከአራት ፓውንድ፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ከማይሞላ ክብደት በላይ የሆነ ጥቅል አይቀበልም ነበር። ከዚያ የከበደውን የሚያጓጉዙት ጥቂት የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ ዋጋውንም እነርሱ ይቆርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1913 መንግሥት የጥቅል ፖስታ አገልግሎት ሲጀምር ነው ገበያው የፈነዳው። ቀደም ሲል ከ1896 ጀምሮ ፖስታ በገጠር ቤት ለቤት መታደል ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ በዱር በገደል የሚኖር ገበሬ እንኳ ከቺካጎ ያዘዘው አሻንጉሊት ደጃፉ ይመጣለት ጀመር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ካታሎጉን ያሳተመው የግል ነጋዴ ነው፤ ቃሉን እንዲጠብቅ ያስቻለው ግን የሕዝብ ፖስታ ነው። መንገድ፣ አድራሻ እና ፖስተኛ ባይኖሩ ዋርድም ሲርስም የሚያምር ወረቀት አታሚ ሆነው በቀሩ ነበር።

የቃሉ ዋጋም ነበረው። በዲሴምበር ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችና ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት ይሠሩ ነበር። በ1899 የተመሠረተው ብሔራዊ የሸማቾች ማኅበርና መሪዋ ፍሎረንስ ኬሊ ይህን ተቃውመው ተነሡ። ለገዢው የነገሩት ቀላል ነበር፤ ቀደም ብለህ ግዛ፤ አንተ ባዘገየህ ቁጥር የሰው ልጅ እንቅልፍ ያጣል። ዛሬ ነጋዴዎች «ቀድመው ይሸምቱ» ሲሉ ማስታወቂያ ይመስላል። ያኔ ግን የሠራተኛ መብት ጥሪ ነበር።

ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል

በሽቦ መግዛት የተሞከረውም ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀደም ብሎ ነው። ማይክል አልድሪች የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1979 የቤት ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር አገናኘ። በ1984 በሰሜን እንግሊዝ ጌትስሄድ ከተማ ጄን ስኖውቦል የተባሉ የ72 ዓመት አዛውንት በቴሌቪዥናቸው ሪሞት ከቴስኮ ሱቅ ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል አዘዙ። ፕሮግራሙ እንደልብ መንቀሳቀስ ለማይችሉ አረጋውያን በከተማው አስተዳደር የተዘጋጀ ነበር። እንቁላሉን ሳይሰበር በር ድረስ ያመጣው ግን ሪሞቱ አይደለም፤ ሰው ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1994፣ ኔትማርኬት የተባለ ትንሽ ድርጅት የዘፋኙን የስቲንግን ሲዲ በ12 ዶላር ከ48 ሳንቲም፣ ከማጓጓዣው ሌላ፣ በኢንተርኔት ሸጠ። ገዢው በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ወዳጅ ነበር። የካርዱ ቁጥር በምስጢር ተቆልፎ በመላኩ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው አስተማማኝ የኢንተርኔት ሽያጭ ይሉታል። በተከታዩ ዓመት አማዞን በጁላይ፣ ኢቤይ በሴፕቴምበር ሥራ ጀመሩ።

የዘመኑ ምፀት ደግሞ እዚህ አለ። ሲርስ ታላቁን አጠቃላይ ካታሎጉን ያቋረጠው በ1993 ነው። መቶ ዓመት ሳያዩ ማዘዝን ያስተማረው ድርጅት ካታሎጉን አጥፎ ባስቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌሎች ያንኑ ሥራ በስክሪን ጀመሩት።

የ1999 ትምህርት

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መነሻችን የምንመለሰው። በ1999 ገንዘብ ወደ ኢንተርኔት ድርጅቶች እንደ ጎርፍ ይፈስ ነበር። ኢቶይስ የተባለ በድረ ገጽ ብቻ መጫወቻ የሚሸጥ ድርጅት በዚያ ዓመት ሜይ ወር አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ በ20 ዶላር የተተመነው አክሲዮን በመጀመሪያው ቀን ከሦስት እጥፍ በላይ ዘለለ። ነጋዴዎቹ ማስታወቂያውን፣ ቅናሹን፣ ድረ ገጹን በሚገባ አዘጋጅተው ነበር። መጋዘኑን ግን እምብዛም አላሰቡበትም። ትእዛዝ መቀበል የኮምፒውተር ሥራ ነው። ከመደርደሪያ ማንሣት፣ በሣጥን ማሸግ፣ ትክክለኛውን አድራሻ መለጠፍና መኪና ላይ መጫን ግን የእጅ ሥራ ነው። እጁ አነሰ፤ በዓሉም ቀድሟቸው ደረሰ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከውድቀቱ ይልቅ የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2000 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሰባት የኦንላይን ነጋዴዎች በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ አደረገ። መሠረት ያደረገው ለኢንተርኔት የወጣ አዲስ ሕግ አልነበረም። ከ1975 ጀምሮ በፖስታ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ሲሠራበት የቆየ ደንብ ነው። ደንቡ የሚለው ጥቂት ነገር ነው፤ ይህን ያህል ቀን ውስጥ እልካለሁ የሚል ነጋዴ ለቃሉ በቂ ምክንያት ይኑረው። የሚዘገይ ከሆነ ለገዢው ይንገር። ገዢው መሰረዝ ከፈለገ ገንዘቡ ይመለስለት።

በወረቀት ካታሎግ ዘመን የተጻፈ ደንብ ምንም ሳይጨነቅ ድረ ገጹን ዳኘው። ምክንያቱም የተለወጠው ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ እንጂ ቃሉ አልነበረም። ኢቶይስ ግን ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ በማርች 2001 ድረ ገጹን ዘጋ።

በግ በኢንተርኔት

አሜሪካ መጫወቻ ማድረስ አቅቷት በምትጨነቅበት በዚያው ዘመን አካባቢ፣ የስልክ መስመር እንኳ ብርቅ በሆነባት አዲስ አበባ ሌላ ታሪክ ነበር። ኢትዮጵያ ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጊፍት የተባለ ድረ ገጽ በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን አንድ አገልግሎት ይዞ ብቅ አለ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው በካርዱ ይከፍላል፤ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ በግ ይደርሳል። ኬክ፣ አበባና ፍየልም ነበር። የውጭ መገናኛ ብዙኃን በኢንተርኔት በግ ይሸጣል ብለው በመገረም ዘገቡት።

የዘገቡት እንደ ጉድ ነበር። ረጋ ብሎ ላየው ግን ብልህ አሠራር ነው። የኦንላይን ንግድ በኢትዮጵያ ሊያልፋቸው የማይችላቸው ሦስት ግድግዳዎች ነበሩ። አንደኛ፣ አገር ውስጥ ያለ ሰው የክፍያ ካርድ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ዕቃ ከውጭ ቢታዘዝ ጉምሩክና ማጓጓዣ ዋጋውን ያንረዋል። ሦስተኛ፣ ፖስታ የሚታደለው በፖስታ ሣጥን እንጂ በቤት አድራሻ አልነበረም። የበጉ ንግድ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ዞራቸው። ካርድ ያለው ውጭ ነው፤ እዚያው ይከፍላል። በጉ ያለው አገር ውስጥ ነው፤ ድንበር አይሻገርም። አድራሻውስ? ስልክ ይደወላል። «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴ በር፣ የእማማ እገሊት ቤት ብለው ይጠይቁ» ይባላል።

ቃሉን የሚያስጠብቀው ማን ነበር? የንግድ ኮሚሽን አልነበረም፤ ዘመድ ነበር። እናት በበዓሉ ዋዜማ ስልክ ሲደወልላቸው «ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ካሉ ሥራው ተሳካ። ካላሉ ያ ድርጅት በቀጣዩ ሳምንት በየእድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየሬስቶራንቱ ስሙ ይነሣል። በስደት ያለ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፤ ወሬ ከማስታወቂያ ይፈጥናል። ቅጣቱ በሚሊዮን ዶላር ባይቆጠርም ከባድ ነበር።

ላኪውም ቢሆን የገዛው በግ ብቻ አይደለም። ለዓመታት በዓልን ያልተካፈለ ልጅ፣ በዚያች ቀን ግቢው ውስጥ የሚሰማ አንድ ድምፅ እየገዛ ነበር። ቀኑ ካለፈ ያ ድምፅ ትርጉም የለውም።

ቀኑን ያዞሩት ነጋዴዎች

ትልልቆቹ ነጋዴዎች ከ1999 በኋላ ሁለት ነገር አደረጉ። አንዱ መጋዘንና ማጓጓዣ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2005 በዓመት 79 ዶላር ለሚከፍሉ ደንበኞች በሁለት ቀን ማድረስ ጀመረ። ሁለተኛው ዘዴ የበለጠ ብልጠት አለበት፤ የመግዣውን ቀን ወደፊት ማምጣት። በዚያው በ2005 የአሜሪካ ቸርቻሪዎች ማኅበር «ሳይበር ማንዴይ» የሚል ስም አወጣ። ከምስጋና ቀን በኋላ ያለው ሰኞ ነው፤ ያኔ ሰው ቤቱ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ስለነበረው ወደ ቢሮ ሲመለስ በቢሮው ፈጣን መስመር ይሸምት ነበር። ስሙ ግብይቱን በኖቬምበር መጨረሻ ሲተክለው ነጋዴው ለማድረስ ሦስት አራት ሳምንት አተረፈ።

በቻይና ደግሞ አሊባባ ከእነ አካቴው አዲስ በዓል ፈጠረ። ተማሪዎች ላጤነታቸውን ለማሾፍ ያከብሩት የነበረውን ኖቬምበር 11ን፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ 27 ነጋዴዎችን ይዞ የቅናሽ ቀን አደረገው። በ2019 በዚያች አንድ ቀን የተሸጠው 268.4 ቢሊዮን ዩዋን ደረሰ። በዚህ በዓል የሚከበረው የማዘዣው ቀን እንጂ የመድረሻው አይደለም። ስለዚህ ዕቃው በሦስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ቢመጣ በዓል ተበላሸብኝ የሚል የለም።

ነባሩ በዓል ግን አሁንም አይገፋም፣ አይጎተትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና በዩፒኤስ በኩል የተላኩ በርካታ ጥቅሎች በመጨረሻው ሰዓት የትእዛዝ ብዛትና በመጥፎ አየር ሳቢያ ከቀኑ በኋላ ደረሱ። አማዞን ለተጎዱ ደንበኞቹ የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ሰጠ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ቴክኖሎጂ፣ ያው የኩፖን ማካካሻ ተደገመ። ዛሬም አማዞን በአሜሪካ ለበዓል ሰሞን ብቻ 250,000 ያህል ተጨማሪ ሠራተኛ እንደሚቀጥር ያስታወቀባቸው ዓመታት አሉ። ፍሎረንስ ኬሊ ያነሣችው የእንቅልፍ ጥያቄ ከሱቅ ወደ መጋዘን ሄደ እንጂ አልተዘጋም።

አሁን፣ እዚህ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሦስቱ ግድግዳዎች አንዱ በፍጥነት ፈርሷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከተለው። አሁን ላኪው ውጭ ያለ ሰው ብቻ አይደለም። ቦሌ ያለች ልጅ ኮልፌ ላሉ አክስቷ የበዓል ስጦታ በስልኳ አዝዛ በስልኳ ትከፍላለች። ሱቁ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ካታሎጉ በየሰዓቱ የሚለጠፍ ፎቶ ነው፤ አድራሻው አሁንም «እዚያ ደርሰህ ደውልልኝ» ነው፤ ፖስተኛው በሞተር የሚሮጥ ወጣት ነው።

ችግሩ የጀመረው ክፍያው ከመተማመኑ ቀድሞ በመሮጡ ነው። በበጉ ዘመን ሻጩን የሚጠብቅ የማኅበረሰብ ዓይን ነበር። ዛሬ ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም፤ ብዙ ጊዜ ሱቅም ሆነ ስም የለም፤ ያለው የስልክ ቁጥርና የቻናል ስያሜ ነው። «ቅድሚያ ክፍያ፣ ለበዓሉ እናደርሳለን» ይላል። በዓሉ ሲደርስ ስልኩ አይነሣም፤ ወይም ዕቃው በሦስተኛው ቀን ሌላ ቀለም ሆኖ ይመጣል። ገዢውም ስድብ ጽፎ ይተወዋል። የሚጎዳው ያ አንድ ገዢ ብቻ አይደለም። ቃላቸውን የሚጠብቁት ሐቀኛ ሻጮች በሙሉ፣ በሚቀጥለው በዓል ያንን የተቃጠለ ሰው አያገኙትም።

ይህ እንግዲህ ዋርድ በ1875 የገጠመው ጥያቄ ነው፤ መልሱም አልተለወጠም። «ለበዓሉ» የሚለው ቃል በቀንና በሰዓት ይጻፍ። ካልደረሰ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ከክፍያው በፊት ይነገር። ይህን ለማድረግ ትልቅ ካፒታል አይጠይቅም፤ አንድ መልእክት ይበቃል። ገዢውም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ በቻት የተጻፈ «ዋዜማ ከሰዓት በፊት ይደርሳል» የሚል መስመር እንደ ነፋስ የሚቆጠር ወሬ አይደለም። አስቀምጡት፣ አታጥፉት።

ታሪኩ ለመንግሥትም የሚለው አለው። ካታሎጉን ያነቃው የጥቅል ፖስታ ነው። የቤት አድራሻ፣ የጥቅል አገልግሎትና አነስተኛ ቅሬታ በፍጥነት የሚታይበት መስኮት ሳይኖሩ ክፍያን ብቻ ማዘመን፣ የ1999 ነጋዴዎች ድረ ገጹን አሳምረው መጋዘኑን እንደረሱት ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ሸክሙ ያለው በዋዜማ ምሽት ከመንገዱ ጭንቅንቅ ጋር እየታገለ፣ ኬኩን በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ስልክ እየመለሰ በሚሄደው ባለሞተር ላይ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው በዓል ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ። ከዘገየም አስቀድማችሁ መውቀስ ያለባችሁ ቃሉን የሰጠውን ሻጭ እንጂ በር ላይ የቆመውን ልጅ አይደለም።